ለትንፋሽ አራት ጣት

ስንሻው የስፒከር ሳጥን ሲሠራ የጎኑን ሳንቃ መጨረሻ ላይ ነው የሚመታው። ከመምታቱ በፊት ቀኝ እጁን በክፍቱ ጎን ያስገባና፣ አውራ ጣቱን አጥፎ አራቱን ጣቶቹን አጣብቆ፣ በማግኔቱ ጀርባና በሳጥኑ የኋላ ግድግዳ መካከል ያሳልፋቸዋል። ጣቶቹ ሳይጨናነቁ ካለፉ ሳንቃው ይመታል፤ ካላለፉ ጀርባው ይነቀልና የሳጥኑ ጥልቀት ይጨመራል። ሜትር አለው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይጠቀምበትም። ኮምቦልቻ ውስጥ የባጃጅና የሚኒባስ ሳጥን የሚሠሩ ሌሎችም አሉ፤ ቦታ ለመቆጠብ ማግኔቱን ከእንጨቱ ጋር አሳስመው ይዘጉታል፤ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ውፈርም፣ ከጀርባው ያለችው መተንፈሻ ታፍናበት፣ ትንሽ ቆይቶ መንኮሻኮሽ ይጀምራል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ስንሻው እንደዚያ አይሠራም። ከሌሎቹ የተሻለ ጎበዝ ስለሆነ ሳይሆን፣ አንዴ የሠራውን ነገር ደግሞ ለመሥራት አቅም ስለሌለው ነው።

የአራት ጣቱን ነገር ያስተማሩት አባቱ ናቸው። አቶ ይመር ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ስለ ስፒከር የሚያውቁት አልነበረም፤ ስለ ሞተር ግን ያውቃሉ፤ ልጃቸው የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች ሲያቃጥል አይተው፣ ሞተርም ሰውም ከኋላው ካልተነፈሰ ከፊቱ አይጮህም ብለው የገዛ እጃቸውን በማግኔቱ ጀርባ አስገብተው አሳዩት። ያን ጊዜ እጃቸው ሰፊ ነበር። አሁን ቀጥኗል።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ፊቱ ወደ አስፋልቱ የሚከፈት የቆርቆሮ በር፣ ጀርባው የድንጋይ ግድግዳ። ስንሻው መሀሉን በሞራሌና በችፑድ ከፍሎ የፊተኛውን ግማሽ ሱቅም መኝታም አደረገው፤ የኋለኛውን ለአባቱ ሰጠ። ለስፒከር አራት ጣት የሚያስብ ሰው ለአባቱ የተወው ቦታ ያን ያህል የሚያኮራ አልነበረም፤ አንድ የብረት አልጋ፣ ከአልጋው ጎን ሰው ቆሞ የሚያልፍባት ክፍተት፣ በቃ። የአቶ ይመርን ደረት የበረሃ አቧራ ከጨረሰው ቆይቷል፤ ሰጋቱራ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ደረት መርዝ ነው። ስለዚህ ስንሻው መጀመሪያ መጋረጃ የነበረውን መግቢያ በሳንቃ ዘጋው፣ ስንጥቁን ሁሉ በኮላ ደፈነው፣ ጎድጓዳ ሳህን የምታሳልፍ መስኮት ብቻ አስቀረ። ለመግቢያ በጓሮ በኩል፣ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ሌላ በር አለ። ጠዋት ጠዋት በዚያ ዞሮ ይገባና አባቱን ያጥባል፣ አንሶላ ይቀይራል፣ ደረታቸውን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ቅባት ይቀባቸዋል። ጎረቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን ይላል። ስንሻው ይህን ሲሰማ አንገቱን ይደፋል፤ የሚያምረው እንቅልፍ እንጂ ምርቃት አልነበረም።

ታናሽ እህቱ ትርንጎ ደሴ ከቤቷ ጎን አንዲት ክፍል እያሠራች ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል፣ መኪና ይዛ መጥታ አባቷን ትወስዳለች። በስልክ በተገናኙ ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው፤ ጋሼ ትንሽ ታገሥ፣ እስከ መስቀል ብቻ። ስንሻውም ይህችን ቃል ይዞ ነበር የሚነሣው። አባቱን ለመስቀል ማድረስ፣ ለእህቱ ማስረከብ፣ ከዚያ መተኛት። ሌላ ምኞት አልነበረውም፤ ለዚህችም ቢሆን አንዳንድ ቀን የሚደርስ አይመስለውም ነበር።

ሥራ ሲሠራ ጆሮው ሁልጊዜ ከችፑዱ ወዲያ ነው። መጋዙን ያቆምና ያዳምጣል። የአባቱ ትንፋሽ ሲገባ በተሰነጠቀ ቱቦ ውስጥ እንደሚያልፍ አየር ቀጥኖ ያፏጫል፤ ጥቂት ይዘገያል፤ ሲወጣ ደግሞ ከታች አንድ የላላ ነገር የሚንገጫገጭ ይመስላል፤ ከዚያ ሳሉ ይመጣል፣ እርጥብና ረጅም፣ አልጋውን ከነብረቱ የሚያነቃንቅ፣ ስንሻው መላጊያውን እንደያዘ የራሱን ትንፋሽ ውጦ እስኪያበቃ የሚጠብቀው። ሲያበቃ ሥራውን ይቀጥላል። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደቆመ ሳያስታውስ ይመሻል።

ሐምሌ ላይ ድንኳንና የድምፅ ዕቃ የሚያከራየው ከማል አንድ ትልቅ ውፈር በጋሪ አስጭኖ መጣ። አሮጌ ነው፤ ከየት እንደተገኘ ከማልም በደንብ አያውቅም፤ የወረቀቱ ሳህን ጠቁሮ ዳር ዳሩ ተጠግኗል፣ ማግኔቱ ለሁለት ሰው ይከብዳል፣ ከማግኔቱ መሀል ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ደግሞ አውራ ጣት ታስገባለች። ከማል ሳጥኑ ለክረምት ማብቂያ ሠርግ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ወርዱና ቁመቱ ዕቃ ከሚጭንበት መኪና መደርደሪያ እንዳያልፍ አስጠነቀቀ፤ ጥልቀቱን ግን እንዳሻህ አድርገው አለ። ስንሻው ለካ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ። ውፈሩን ከፊት አሰረውና በክፍቱ ጎን እጁን አስገባ።

ሁለት ጣት ብቻ ገባ።

ሜትሩን አወጣ። ሳጥኑ የቆረጠውን ያህል ጥልቅ ነው፤ ማግኔቱም የለካው ማግኔት ነው፤ በመሀላቸው ግን ያሰበው ቦታ የለም። ሲለካ እንቅልፍ ይዞት እንደነበር ትዝ አለው፤ ወይም ትዝ ያለው መሰለው። ራሱን ተራገመና ጀርባውን ነቀለ፤ ዙሪያውን ርዝራዥ እንጨት ጨምሮ ጥልቀቱን አሳደገው። ችግሩ ሳጥኑ ሲጠልቅ የሱቁ ቦታ አለቀ። የሳጥኑ ፊት ከበሩ ደፍ ጋር ተጋጥሟል፤ ከበሩ ወዲያ ቦይ ነው፣ ቦዩ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝናብ ይወርዳል፤ ጀርባው ደግሞ ከችፑዱ ጋር ተጠግቶ መዶሻ የሚያነሳበት ክፍተት አሳጣው። ስንሻው ብዙ አሰበበት። በመጨረሻ በመስኮቷ ጎንበስ ብሎ አባቱን ጠራቸውና፣ አፍሮ እየተንተባተበ፣ ችፑዱን አንድ ስንዝር ወደ እርስዎ ብገፋው ለመስቀል እመልሰዋለሁ አላቸው።

«ግፋው ልጄ» አሉት አባቱ። «እኔ ቦታ ሞልቶኛል።»

ከወለሉና ከጣሪያው የያዙትን ምስማሮች አላልቶ ሞራሌውን በትከሻው ገፋ፤ ችፑዱ ከነመስኮቷ እየተንቀጠቀጠ ተንሸራተተ። ከአልጋው ጎን የነበረችው ማለፊያ ግማሿ ሄደች። ስንሻው እንደገና ምስማሩን ሲመታ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ቆረጠው፤ ግን ለመስቀል ትንሽ ነው የቀረው ብሎ ተወው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ጣት ገባ። ከጨመረው እንጨት ጋር ሲተያይ አምስት ስድስት መግባት ነበረበት። ስንሻው ሳጥኑ ፊት የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለቦዩ ሰጥቶ፣ ረጅም ጊዜ አየው። እርጥብ እንጨት ያብጣል፣ ኮላ ይወጥራል፤ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ነገሩ ግን አልዋጥልህ አለው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ አለ፤ የወፍጮው ድምፅ ቆመ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ቆመ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብና ከችፑዱ ወዲያ ያለው ትንፋሽ ብቻ ቀሩ። በቆርቆሮው በር የምትገባው ግራጫ ብርሃን የውፈሩን ጥቁር ሳህን በሰያፍ አበራችው፤ በዚያች ብርሃን ስንሻው ሳህኑ ሲንቀሳቀስ አየ። ወደ ፊት ጥቂት ይገፋል፤ ይዘገያል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሽቦ አልተያያዘም፤ መብራትም የለም። ስንሻው ከአባቱ ትንፋሽ ጋር አስተያየው። አባቱ ሲያስገቡ ሳህኑ ይገባል፤ ሲያወጡ ይወጣል። ችፑዱ የትንፋሹን አየር እየገፋበት ነው ብሎ አሰበ፤ ቀጭን ግድግዳ ነው፣ ይሆናል። ተነሥቶ ፊቱን በዝናብ ውሃ ታጠበ።

ከሳጥኑ የአየር መውጫ ቀዳዳ የሚመጣው ሽታ ግን የእንጨትና የኮላ አልነበረም። ሞቅ ያለ ነው፤ የታመመ ሰው አንሶላ፣ የቆየ ላብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የደረት ቅባት። ስንሻው እጁን አሸተተ። የሱ እጅ ሁልጊዜ እንደዚያ ይሸታል። ጠዋት ቀብቷቸው ሳልታጠብ ሠርቼ ይሆናል አለና ነገሩን እዚያው ላይ ተወው።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ የጓሮውን በር ደጋግሞ እያረሰ አሳበጠው፤ አንድ ጠዋት ስንሻው ሳበው፣ አልከፈት አለ። በመላጊያ ጠርዙን ማንሣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም። ነገ አለ። ነገም ነገ አለ። አባቱ በመስኮቷ በኩል ተወው ልጄ፣ አትድከም፣ እኔው ራሴ እታጠባለሁ አሉት፤ እሱም እርጥብ ፎጣና የቅባቷን ብልቃጥ በመስኮቷ ማቀበል ጀመረ። ሰው ሲደክም እፎይ የሚልበትን ነገር አይመረምርም። ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ያቀብላል፤ ጨለማው ውስጥ ቀጭኑ እጅ ይቀበለዋል፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እጁን ማየት ተወ። ሳህኑ ብቻ ከእጁ ላይ ይቀልለው ነበር።

የሳጥኑን ጥልቀት ደግሞ ለመጨመር ሁለተኛ ሲገፋ፣ ችፑዱ ከአልጋው ብረት ጋር እንደሚጋጭ ያውቅ ነበር። ከስንዝር የማይበልጥ ቦታ ነው የቀረው። ቢያንስ እስኪነካ ልግፋው ብሎ ትከሻውን ሰጠ፤ የብረቱን ድምፅ እየጠበቀ፣ ሲነካ ለማቆም ተዘጋጅቶ። ችፑዱ ስንዝሩን አለፈ። ክንድ አለፈ። ምንም አልነካውም። ስንሻው ቆሞ ጎኑን ያዘ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ በመስኮቷ ማየት ነበረበት። አላየም። ካየ አንድ የሚሠራ ነገር ያገኛል፤ የሚታጠብ አንሶላ ያያል፣ የቆሰለ ጀርባ ያያል፣ ከዚያ የጓሮውን በር መክፈት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ግንባሩን በችፑዱ ላይ አስደግፎ፣ አባዬ ቦታው ይበቃዎታል ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ሆድ ካገር ይሰፋል» አሉት አባቱ፤ ድሮ መኪናው ላይ ከልክ በላይ ሲጫን ይሉት እንደነበረው፣ እየሳቁ። ሳቁ ሳል አላስከተለም። ድምፃቸውም ወፍሮ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሉ ጠፋ። ስንሻው መጀመሪያ ፈራ፤ መጋዙን እያቆመ አዳመጠ። ትንፋሹ አለ። እንደውም ፉጨቱ የለም፣ መንገጫገጩ የለም፤ ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ በሙሉ ደረት የሚሳብ ትንፋሽ ነው፤ ሲገባ የወለሉን ሰጋቱራ ወደ ሳጥኑ ጎተት ያደርጋል፣ ሲወጣ መልሶ ይበትነዋል። ስንሻው ደስ አለው። ከብዙ ወራት ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለትርንጎ ደውሎ፣ አባባ ድነዋል፣ ልጅ ሆነዋል፣ ሳል የሚባል የለም አላት። ትርንጎ በስልክ አለቀሰች፤ ስጠኝ ላናግረው አለች፤ ተኝተዋል አላት። በቀን ብርሃን፣ ፍራሹን ከሳጥኑ ጎን ዘርግቶ፣ ያን ትንፋሽ እየሰማ እሱም ተኛ።

ከማል ሥራውን ሊያይ በመጣ ቀን ፀሐይ ወጥታ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየና ሣቀ። ስንሻው፣ ሱቅህን ምን ብታበላው ነው እንዲህ የሰፋው፣ ድሮ ሁለት ሰው አይቆምበትም ነበር እያለ አሾፈበት። አባ ይመር እንዴት ናቸው ብሎም ጠየቀ፤ ስንሻው አልሃምዱሊላህ፣ ሳል እንኳ ተዋቸው አለው። ሻይ አስመጣለት። አምፕሊፋየሩን አያይዘው ሙዚቃ ከፈቱ፤ ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ በእግር ገብቶ በደረት የሚወጣ ዓይነት ነበር፣ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፣ ሻዩ በብርጭቆው ውስጥ ቀለበት ሠራ። ከማል ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ግን ከኋላ አንድ ነገር መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ ስንሻው ቶሎ ቀነሰው፣ ከጀርባው አሁንም አንዲት ጣት ይጎድለዋል፣ ሳላስተካክል አላስረክብህም አለ። ከማልም ይሁን ብሎ ሽቦውን ራሱ ነቀለ።

ሙዚቃው ቆመ። ሳህኑ አልቆመም።

ከማል ሽቦውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሳህኑ ወደ ፊት ገፋ፣ ዘገየ፣ ተመለሰ፤ ከአየር ቀዳዳው ሞቅ ያለ ነፋስ ወጥቶ የሱሪውን ጫፍ አወዛወዘው።

«ማነው የሚተነፍሰው?» አለ ከማል።

«አባቴ ናቸው» አለ ስንሻው። «ከኋላ ተኝተው።»

ከማል ችፑዱን አየ። ከችፑዱ ወዲያ ያለውን ቦታ በዓይኑ የሚለካ ይመስል ጣሪያውን ተከትሎ እስከ ድንጋዩ ግድግዳ ድረስ አየ፤ ከዚያ ሳጥኑን አየ። ሽቦውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሠርጉ ተራዝሟል፣ አትቸኩል፣ ራሴ እመጣለሁ አለና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ሰው የሚሸሸው ነገር ሲኖር የሚሄደውን አካሄድ ሄደ እንጂ አልሮጠም። ስንሻው ደንበኛ እንዲህ ነው ብሎ የተረፈውን ሻይ ጠጣው።

ያቺ አንዲት ጣት ግን አላስተኛችውም። ሁሉንም ነገር በሰነፍ እጅ ቢሠራም፣ ይህችን ብቻ አሳልፎ አያውቅም። እጁ ሙሉ ካልገባ ውፈሩ ታፍኖ ይቃጠላል፤ ደግሞም፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ታፍኖ የሚለው ነገር አንጀቱን ይበላው ጀመር። ውስጡ ያለው ነገር ቦታ ይፈልጋል። መስከረም ከጠባ በኋላ የሳጥኑን ጀርባ አንድ ጊዜ ደግሞ ነቅሎ የመጨረሻውን እንጨት ጨመረ፤ ለዚያ የሚሆን ቦታ ለማግኘትም ችፑዱን ገፋ። አሁን አልጠየቀም። ችፑዱ በራሱ የሚሄድ እስኪመስል ቀለለው፤ ድንጋይ የመሰለ ነገር ፊት ደርሶ እስኪቆም ድረስ ገፋው፤ ትንሽ መለስ አደረገውና ምስማሩን መታ። ምሳ ሲያቀብል ሳህኗ በመስኮቷ አልገባ አለች፤ ከወዲያ በኩል የሆነ ነገር ያግዳታል። አባዬ ምሳ ብሎ ጠራ። ጠግቤያለሁ ልጄ፣ አንተው ብላው አሉት። ድምፁ የመጣው ከጀርባው መሰለው፤ ዘወር ሲል ሳጥኑ ብቻ ነበር።

በላና እጁን ታጠበ። ከዚያ በሳጥኑ ክፍት ጎን ተንበርክኮ፣ አውራ ጣቱን አጥፎ፣ ቀኝ እጁን አስገባ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ክንዱ ገባ፣ ትከሻው እስኪደርስ ገባ፣ ሳጥኑ ከውጭ ከሚታየው ይልቅ ሩቅ ነበር። ማግኔቱን አገኘውና አራቱን ጣቶቹን ከጀርባው አሳለፈ። አለፉ። ሳይጨናነቁ፣ ሳይላሉ፣ በትክክል አለፉ። እጁን እዚያው ትንሽ አቆየው፤ በመዳፉ በኩል ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በእጁ ጀርባ በኩል ግን እንጨቱ ይሞቃል፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ጣቱ ጫፍ ላይ ሸካራ ነገር ነካው፣ ሳይላጭ የሰነበተ አገጭ የመሰለ። ሰጋቱራ ነው አለና እጁን አወጣ።

«አሁን ተመቸኝ» አሉት አባቱ። «ተኛ ልጄ። ደክሞሃል።»

ስንሻው የጎኑን ሳንቃ በኮላና በምስማር ዘጋው። ፍራሹን ከጎኑ ዘረጋ፤ ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጥቶ፣ የሞቀውን እንጨት ተደግፎ፣ ከልጅነቱ ወዲህ ተኝቶ የማያውቀውን እንቅልፍ ተኛ።

ትርንጎ የመስቀል ዋዜማ ረፋዱ ላይ መጣች። አዲስ ብርድ ልብስ ይዛለች፣ መኪናው ላይ ፍራሽ አስነጥፋለች። ስንሻውን አቅፋ ሳመችው፤ ጋሼ አማረብህ፣ ወዝህ ተመለሰ አለችው። እሱም እውነትም አምሮበት ነበር። ሳጥኑን ተደግፎ ቆሞ፣ ስሚው እስቲ አላት፤ አዳመጠች፣ ያን ሰፊ ትንፋሽ ሰማች፣ ፊቷ በደስታ በራ። አባባ መጣሁልህ ብላ ጮክ አለችና በጓሮ ዞረች።

ስንሻው እዚያው ቆሞ ሰማት። የጓሮው በር አልከፈት አላት፤ ሾፌሩን ጠራች፤ አብረው ሳቡት፤ ያበጠው እንጨት ጮኸና ተነቀለ። ይህን ሲሰማ ስንሻው አባቱን ለማጥባት ውሃ እንዳላሞቀ ትዝ አለው፤ አፈረ። ትርንጎ ተመልሳ መጣች፤ ደም ከፊቷ ላይ ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ አባባ የት ነው?»

እዚያ ናቸዋ አላት፤ ትንፋሻቸውን አትሰሚም ወይ አላት። እሷ የእጁን አንጓ ያዘችና እንደ ልጅ እየጎተተች በጓሮ አዞረችው። ደፉ አጠገብ የአቶ ይመር ነጠላ ጫማ የክረምቱን ውሃ እንዳቆረ ተቀምጧል። በሩ ተከፍቷል፤ ከበሩ ወዲያ አልጋ የለም፣ ሰውም የለም፣ ጨለማ እንኳ የሚሆንበት ቦታ የለም፤ ኮላ የነጠበበት የችፑዱ ጀርባ ብቻ ነው ፊታቸው የተደቀነው። ትርንጎ የወንድሟን እጅ አንሥታ በድንጋዩ ግድግዳና በችፑዱ መካከል አስገባችው። አራቱ ጣቶቹ ሳይጨናነቁ አለፉ፤ ከችፑዱ ወዲያ፣ ከሱቁ በኩል፣ አባቱ ዘና ብለው ይተነፍሳሉ።